የወረሱት የሕንድ ጎራዴ፦ ለጌጥ የተሠራውን ከጥንቱ የጦር ጎራዴ እንዴት ይለያሉ?

ከአያት ሳጥን ጎራዴ ሲወጣ የብዙ ሰው እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሎሚና አመድ ወይም ወደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። እባክዎ ምንነቱ ሳይታወቅ አይሹት። በጥንቱ የሕንድ ጎራዴ እጀታ ላይ የሚታየው የወርቅና የብር ጌጥ፣ ብረቱ በጥቃቅን ጭረት ከተሻከረ በኋላ በስሱ የተለበጠ ስለሆነ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ያንሡ። ከዚያ በመስኮት ብርሃን፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጠው ፎቶ ያንሡት፦ ሙሉውን በሁለቱም ገጽ፣ እጀታውን፣ የስለቱን ጀርባ፣ ጽሑፍ ወይም ማኅተም ካለውም እሱን ቀረብ ብለው።

ቀጥሎ የሀገራችን ጎራዴ አለመሆኑን ያረጋግጡ። የእኛ አብዛኛውን ጊዜ የቀንድ ወይም የእንጨት እጀታና የቆዳ አፎት አለው። ስለቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ወይም የአማርኛ ጽሑፍ ካለ ከአውሮፓ ታዝዞ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የጀርመኗ የዞሊንገን ከተማ ስም ከእጀታው አጠገብ ተመቶ ይገኝበታል። ሾተል በጣም ስለሚቆለመም አያሳስትም። የሕንዱ ታልዋር ግን እጀታው በሙሉ ብረት ነው። ጫፉ ላይ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ክብና ዝርግ ራስ አለው፤ ከእጅ መከላከያውም ሁለት አጫጭር ምላሶች ወደ ስለቱ ይወርዳሉ። መጨበጫው ጠባብ ነው፤ ትልቅ እጅ ቢጨንቀው ጎራዴው ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም።

ከጌጡ ሁሉ ይልቅ እውነቱን የሚናገረው መጋጠሚያው ነው። በጥንቱ ታልዋር የስለቱ ጭራ አጭር ነው፤ ክፍት በሆነው እጀታ ውስጥ ገብቶ በቀለጠ ሙጫ ይያዛል። ስለዚህ በምላሶቹ መካከል በባትሪ ሲያዩ ጥቁር ወይም ቀይ ቡናማ፣ የሚፈረፈር ነገር ይታያል። ሙጫው በሙቀት ስለሚላላ እጀታውን በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ ወይም እሳት አጠገብ ማድረቅ ስለቱን ያወልቀዋል። ለጌጥ በተሠራው ደግሞ ቀጭን ዘንግ እጀታውን አልፎ መጨረሻው ላይ በዳዶ ይታሰራል፤ ዳዶው በአንበሳ፣ በፈረስ ወይም በወፍ ራስ ቅርጽ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ማግኔት ያስጠጉ፦ እጀታውን ካልያዘው ናስ ወይም ሌላ ቀላል ብረት ነው፤ ይህም በአብዛኛው ለጌጥ መሠራቱን ያመለክታል። ስለቱን ቢይዘው ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ተራ ላሜራም ይያዛል።

አሁን የስለቱን ጀርባ ውፍረት በካሊፐር ይለኩ፤ ከሌለዎት ቶርኖ ቤት አይጠፋም። ሦስት ቦታ ይበቃል፦ እጀታው ሥር፣ መካከሉ ላይ፣ ከጫፉ 10 ሳንቲሜትር ገባ ብሎ። ተቀጥቅጦ የተሠራ ስለት ሥሩ ላይ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ይሆንና ወደ ጫፉ እየሳሳ 2 ወይም 3 ይደርሳል። ከላሜራ የተቆረጠው ከሥር እስከ ጫፍ ያው 3 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። እንደ መስተዋት የሚያበራና ልባሱ እየተቀረፈ ከሥሩ ዝገት የሚያሳይ ከሆነ ክሮም ወይም ኒኬል የተለበጠ ነው።

በላቲን ፊደል «ኢንዲያ» ወይም «ሜድ ኢን ኢንዲያ» የሚል ምት ካለ ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የአገር ስም እንዲጻፍ ስላስገደደች ነው ይህ ልማድ የተስፋፋው። በስለቱ ላይ ያለ የአበባና የሐረግ ሥዕል በአሲድ የተበላ ከሆነ ጥፍር ብዙም አይሰማውም፤ ቅርጹም ራሱን እየደገመ ይሄዳል። በቀይ፣ በአረንጓዴና በጥቁር ቀለም የተሞላ የናስ ቅርጽ በናስ ሥራዋ ከምትታወቀው የሕንድ ከተማ ከሞራዳባድ ዕቃዎች ጋር ይመሳሰላል። በተቃራኒው በነጠብጣብ የተመታ የሕንድ ጽሑፍና ቁጥር ከተገኘ ቶሎ አይለፉት፤ በሕንድ የቢካኔር ቤተ መንግሥት የጦር ዕቃ ግምጃ ቤት ጎራዴዎቹን በዚህ መንገድ ይመዘግብ ነበር። የከፋይ አፎት በሁለቱም ላይ ስለሚገኝ አይፈርድም።

የቤተሰቡን ሽማግሌዎችም ይጠይቁ። በንጉሡና በደርግ ዘመን በርካታ ሕንዳውያን መምህራን በትምህርት ቤቶቻችን ያስተምሩ ስለነበር ጎራዴው የስጦታ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ለጌጥ የተሠራውን በሠርግ ፉከራ ወይም በጥምቀት ጭፈራ ላይ በፍጹም አይወዝውዙት። ቀጭኑ ዘንግ እጀታው ሥር ይሰበርና ስለቱ ሰው መካከል ይወረወራል። ጣና ዳር በክረምት እርጥበት ስለሚበዛ፣ ከፋዩም እርጥበት ስለሚይዝ፣ ስለቱን ከአፎቱ አውጥተው በስፌት መኪና ዘይት በስሱ ይቀቡና በአቡጀዲ ጠቅልለው ያስቀምጡ። ምልክቶቹ ወደ ጥንቱ ካመዘኑ ከመሸጥዎ በፊት ፎቶዎቹን ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ያሳዩ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም።