የጉማ ሽልማትን ታሪክ ከጅማ ሆኖ ለማጠናቀር

ጅማ ያለ የፊልም ክበብ ለኢትዮጵያ ፊልሞች የሚሰጠውን የጉማ ፊልም ሽልማት ታሪክ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ መዝግቦ ማስቀመጥ ይችላል። አንድ ኮምፒውተር፣ ደህና ካሜራ ያለው ስልክና ሁለት ሦስት ትጉ ሰዎች ይበቃሉ። ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ምንጩ ያልታወቀ መረጃ ከማኅበራዊ ሚዲያ እየገለበጡ መደርደር ነው። ስለዚህ ክበቡ አስቀድሞ በአንድ ደንብ ይስማማ፦ ማስረጃው ያልተጻፈለት መስመር ወደ ሰንጠረዡ አይገባም።

ከስሙ ጀምሩ። ጅማ ላይ ይህ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሊሙ ኢናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ስለነበሩ ሽልማቱን ከጎረቤት ጉማ ጋር ማያያዝ ቀላል ነው። ሽልማቱ የተሰየመው ግን ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ባዘጋጀው «ጉማ» ፊልም ነው። የፊልሙ ርዕስ ደግሞ በኦሮሞ ባህል ደም የሚደርቅበትን የካሳና የዕርቅ ሥርዓት ያመለክታል። ጉማንና ጎማንም አታምታቱ፤ አጋሮ ያለችበት ጎማ ነው። በጽሑፍ የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ የለቀመው ሰው ሌላ፣ የሚያርመው ሰው ሌላ ይሁን።

ቀጥሎ ዘመን አቆጣጠር። ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነው። ሽልማቱ በዳይሬክተር ዮናስ ብርሃነ መዋ መሥራችነት የተጀመረው በ2006 ዓ.ም. ሲሆን በአውሮፓውያን 2014 ነው። «2014» የሚለውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ዓ.ም. ብሎ ቢቀጥልበት መጀመሪያው ስምንት ዓመት ወደፊት ይሸሻል። ሁልጊዜ ሰባት መቀነስም አያዋጣም። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ነው። የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» ጥሩ መለማመጃ ይሆናል። በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ያገኘው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2008 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 1 ቀን 2000። ሰባት የቀነሰ ሰው 2001 ብሎ ይጽፋል፣ ይሳሳታልም። በቡርኪና ፋሶው የፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ «የየኔንጋ ወርቃማ ፈረስ» የተባለውን ዋና ሽልማት የወሰደው ደግሞ በማርች 2009 እ.ኤ.አ. ስለሆነ እሱ በትክክል 2001 ዓ.ም. ላይ ይውላል። በተጨማሪም «እ.ኤ.አ. መስከረም» እና የኛ መስከረም አንድ ስላልሆኑ የፈረንጁን ወር «ሴፕቴምበር» ብሎ መጻፍ ይመረጣል።

በሰንጠረዡ ላይ ለዓመት ሦስት ዓምድ ስጡ፦ ሥነ ሥርዓቱ የተካሄደበት ቀን በዓ.ም.፣ ያው ቀን በእ.ኤ.አ.፣ ፊልሙ ለእይታ የበቃበት ዓመት። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ሽልማት ግን በአብዛኛው ያለፈውን ዓመት ሥራ ይመዝናል። የመጀመሪያው ኦስካር በሜይ 1929 ሲካሄድ የሸለመው የ1927 እና የ1928ን ፊልሞች ነበር። የሕንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማትም እ.ኤ.አ. በ1954 ሲጀምር የ1953ን ሥራዎች ነው የመዘነው። ዓምዱ ከሌለ ፊልሙና ሽልማቱ በአንድ ዓመት ይጨፈለቃሉ።

ሌሎቹ ዓምዶች፦ ዙር፣ ዘርፍ፣ የፊልሙ ርዕስ፣ የሰውዬው ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ ዕጩ ወይስ አሸናፊ፣ ማስረጃ፣ የመዘገበው ሰው። ለእያንዳንዱ ዕጩነት አንድ ረድፍ ይሰጠው። አንድ ተዋናይ በሁለት ፊልም ከታጨ ሁለት ረድፍ ነው። ሴሎችን ማዋሐድ ያማረ ቢመስልም ቆይቶ በዘርፍ ወይም በስም መደርደር ሲፈለግ ሁሉን ያፋልሳል። ዘርፎች ስማቸው ሊለወጥ፣ ሊከፈሉ ወይም ሊቀሩ ይችላሉ፤ በየዙሩ የተጠራበትን ስም እንዳለ አስፍራችሁ፣ በጎኑ የጋራ መጠሪያ ስጡት። የሕይወት ዘመን ሽልማትና ልዩ ምስጋና ዕጩ ስለሌላቸው በሌላ ገጽ ይቀመጡ።

ስም ላይ ሁለት ዓምድ ያስፈልጋል። በአንደኛው ፖስተሩ ላይ እንደተጻፈው ፊደሉን ሳትነኩ አስገቡ። በሁለተኛው ለፍለጋ እንዲመች «ሐ» እና «ኀ» ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጡ። ካልሆነ «ብርሃነ» እና «ብርሀነ» ሁለት ሰው ሆነው ይቆጠራሉ። የውጭ ገጾች የአባትን ስም አስቀድመው ሊጽፉ ስለሚችሉ ከነሱ ስትወስዱ ቅደም ተከተሉን መልሱ። ሞክሼ ሲያጋጥም የአያት ስም ይጨመር።

ማስረጃ ፍለጋው ከጅማ ይጀመር፦ ቤተ መጻሕፍት፣ የድሮ ሲዲ ማከራያ የነበራቸው ሰዎች፣ ጋዜጣ የሚያጠራቅሙ አባቶች። አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ወደ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝርዝር ተይዞ ይኬዳል። በዝርዝሩ ላይ የሥነ ሥርዓቱን ቀንና ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ጻፉ። ሪፖርተር በአማርኛ እሑድና ረቡዕ ስለሚወጣ ሰኞ ማታ የተካሄደን ዝግጅት ረቡዕ ላይ፣ አንዳንዴም እሑድ ላይ መፈለግ ነው። ገጹን ስታነሡ የጋዜጣው ስም፣ ቀንና ገጽ ቁጥር ፎቶው ውስጥ ይግቡ። ፍላሽ ወረቀቱን ስለሚያንጸባርቅ አጥፍታችሁ በመስኮት ብርሃን አንሡ።

የሥነ ሥርዓቱ ቪዲዮ ካለ እስከ መጨረሻው ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኦስካር ላይ «ላ ላ ላንድ» አሸናፊ ተብሎ ሰዎቹ መድረክ ከወጡ በኋላ ነው «ሙንላይት» መሆኑ የተነገረው፤ ለአቅራቢዎቹ የተሰጠው የሌላ ዘርፍ ተጠባባቂ ፖስታ ነበር። ቆርጦ የተለጠፈ ቪዲዮ እርማቱን ሊተው ይችላል። ስለዚህ በማስረጃው ዓምድ ደቂቃውንና ሰከንዱን ጭምር ጻፉ።

ሰው ስትጠይቁ «እንዴት ነበር?» ከማለት «ሽልማቱን ማን ሰጠዎት? ከጎንዎ ማን ተቀምጦ ነበር?» ማለት ይሻላል፤ ትዝታ የሚነቃው በዝርዝር ጥያቄ ነው። ለአንጋፋ ባለሙያ አንቱታው አይጓደል፣ ጥያቄዎቹም ቀድመው ይድረሷቸው። ክረምት ላይ ቀረጻውን ጠዋት ጨርሱት፤ ከቀትር በኋላ ጅማ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ድምፅ አይለይም። ቡና ከቀረበም ሙቀጫው እስኪያበቃ ጠብቁ። ስልኩን የበረራ ሁኔታ ላይ አድርጋችሁ ከተናጋሪው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፤ ባዶ ጠረጴዛ የስኒ ንኪኪን ሁሉ ያጎላል። ቃለ ምልልስ ብቻውን ዓመትን አያረጋግጥም፣ በወረቀት ወይም በቪዲዮ ይመሳከር።

የጅማ እርጥበት ለወረቀት ጠላት ነው። ፖስተርና የጥሪ ካርድ በፕላስቲክ ከታሸገ ላብ ይዞ ይሻግታል፣ ፎቶ ከፎቶ ይጣበቃል። በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ፣ ከመሬት ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለና ግድግዳ በማይነካ መደርደሪያ ላይ አኑሩ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በየሁለት ሳምንቱ ይታይ። ሻጋታ ከወጣ እርጥቡን አትጥረጉ፣ ይሰርጋል። ጥላ ውስጥ ነፋስ አስመትታችሁ ሲደርቅ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ደጅ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ቀለሙን ያነጣል። ሲዲ ደግሞ ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ይጠረጋል እንጂ አይዞርም።

ለፋይል ስም ዙሩን በሁለት አሃዝ ጻፉ፣ «01» እንጂ «1» አይሁን፤ አለዚያ አሥረኛው ከሁለተኛው ቀድሞ ይሰለፋል። ሦስት ቅጂ ይኑር፦ በኮምፒውተር፣ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ደግሞ ከጅማ ውጭ ባለ የታመነ ሰው እጅ። ፎቶ ኮፒ ቤት የገባን ፍላሽ ቫይረሱ ሳይጸዳ ከሃርድ ዲስኩ ጋር አታገናኙት። ለኅትመት ወደዚያ የምትወስዱት ፍላሽ የተለየ ይሁን፣ የሚታተመው ፋይል ብቻም ይኑርበት።