ቁልፉን ስታዞሩ ድምፁ የሚንኮሻኮሽባችሁ ከሆነ

በሱፐርኮላይደር ወይም በፒዩር ዳታ (ድምፅ በኮምፒውተር የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ናቸው) የራሳችሁን የሙዚቃ መሣሪያ እየሠራችሁ ነው? ቮልዩም ስትጨምሩ ከተንኮሻኮሸ ስፒከሩን አትውቀሱ። ተራ የሚዲ ቁልፍ (ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያና ኮምፒውተር የሚግባቡበት ቋንቋ ነው) የሚልከው ከ0 እስከ 127 ያሉ ሙሉ ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ሲዘል ሞገዱም አብሮ ይዘላል፣ የምትሰሙት እሱን ነው። ሱፐርኮላይደር ላይ ቁጥሩን ዝላዩን በሚያለሰልሰው በ«ላግ» አሳልፉት። ፒዩር ዳታ ላይ ለዚሁ ሥራ «ላይን»ን ተጠቀሙ፣ ግን ~ ምልክት ያለበትን፤ የሌለበት ደረጃ በደረጃ ስለሚሄድ ብዙም አያዋጣም። ለማለስለሻው ከ20 እስከ 50 ሚሊሰከንድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በጣም ካስረዘማችሁት እጃችሁ ቀድሞ ድምፁ ይከተላል፣ ከበሮ ለሚመታ ሰው ደግሞ ይሄ ያናድዳል። የኖታውን ቅጥነትና ውፍረት የሚወስነው ቁጥር ላይ ግን ይሄን ማለስለስ ዝም ብላችሁ አታድርጉት፤ እያንዳንዱ ኖታ ከቀደመው እየተንሸራተተ ይመጣል፣ እንደ መሲንቆ እንዲሆንላችሁ ካልፈለጋችሁ በቀር።