ማስታወቂያ ፋክስ ከመላካችሁ በፊት፦ ክስ የሚያመጡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሐኪም ቢሮዎች ዛሬም ሪፈራልና የላቦራቶሪ ውጤት የሚለዋወጡት በፋክስ ነው። ስለዚህ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት የከፈተ ወገናችን ማስታወቂያውንም በዚያው መስመር መላክ ይቀናዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ቲሲፒኤ የተባለው የፌዴራል ሕግ ግን ሳይጠየቅ ለተላከ ለእያንዳንዱ የማስታወቂያ ፋክስ 500 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከተላከ ደግሞ እስከ 1,500 ዶላር ካሳ ያስከፍላል። ተቀባዩ የንግድ ድርጅት መሆኑ ነፃ አያወጣም።

«ቁጥሩ ድረ ገጽ ላይ አለ» ማለት። ቢኖርስ? ሐኪሙ ቁጥሩን ያወጣው ለታካሚዎቹ ጉዳይ ነው። ከድረ ገጽ የተገኘ ቁጥር የሚጠቅመው ከዚያ ቢሮ ጋር አስቀድሞ የሥራ ግንኙነት ሲኖራችሁ ብቻ ነው፤ ከሌለ ግልጽ ፈቃድ ያስፈልጋል። ተገዝቶ የመጣ ዝርዝር ግንኙነትም ፈቃድም አይሰጥም! ሒሳቡን ሥሩት፦ ለ2,000 ቁጥሮች የተላከ አንድ ገጽ በ500 ሲባዛ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። አንዲት ክሊኒክ በሁሉም ተቀባዮች ስም የቡድን ክስ ልትመሠርት ትችላለች፤ ለዚህም አራት ዓመት ጊዜ አላት። ለእሷ ብቻ 1,500 ዶላር ሰጥቶ መገላገልም አይቻልም፤ ተቀባይነት ያላገኘ የክፍያ ሐሳብ ክስን እንደማያስቀር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 ወስኗል።

«የላከው ፋክስ ላኪው ኩባንያ ነው» ማለት። በሕጉ ማስፈጸሚያ ደንብ ላኪ ማለት አገልግሎቱ የተዋወቀለት ነው፤ እናንተ ናችሁ።

የመውጫ ማሳሰቢያን፣ ማለትም ተቀባዩ ከእንግዲህ ማስታወቂያ እንዳይላክለት እንዴት እንደሚጠይቅ የሚነግረውን ጽሑፍ፣ አለመጻፍ፣ ወይም ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል መወሸቅ። የሥራ ግንኙነት ቢኖራችሁም ይህ ከጎደለ መከላከያችሁ ይወድቃል። ማሳሰቢያው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጎልቶ ይታይ፤ ስልክና ፋክስ ቁጥር፣ ያለ ክፍያ በሳምንት 7 ቀን በቀን 24 ሰዓት የሚሠራ መውጫ መንገድ፣ እንዲሁም ጥያቄን በ30 ቀን ውስጥ አለመፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይኑረው። ፋክስ በመደበኛ ጥራቱ ከላይ ወደ ታች በኢንች 98 መስመር ገደማ ብቻ ስለሚያነብ ደቃቅ ፊደል ተደፍኖ ይወጣል። መጀመሪያ ለራሳችሁ ማሽን ልካችሁ አንብቡት።

«ነፃ ሴሚናር ነው፣ ማስታወቂያ አይደለም» ማለት። የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ ኤፍሲሲ በ2006 ሸቀጥ ወይም አገልግሎት የሚያስተዋውቅ ነፃ ግብዣ ማስታወቂያ ነው ብሏል።

በኤፍሲሲ ማብራሪያ ብቻ መተማመን። ኮሚሽኑ በ2019 በኢንተርኔት ፋክስ አገልግሎት የሚደርስ መልእክት በክልከላው እንደማይሸፈን ገልጾ ነበር፤ ብዙዎች እፎይ አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ሰኔ 2025 በማክሎክሊንና በማኬሰን ክርክር የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤቶች በኮሚሽኑ ትርጓሜ እንደማይገደዱ ወሰነ።

ክስ ሲመጣ መዝገብ ማጥፋት። ለየትኛው ቁጥር መቼ እንደተላከ የፋክስ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ሊኖር ይችላል፤ የእናንተ ፋይል መጥፋት ሌላ ጥፋት ይሆንባችኋል። በዚያው ቀን ለመድን ድርጅታችሁ አሳውቁ፤ ውሉ ቲሲፒኤን የሚያገል አንቀጽ ይኑረው አይኑረው ለማወቅም ለጠበቃ አሳዩት።

ተቀባይ ከሆናችሁ ደግሞ ወረቀቱን አትጣሉ። ከገጹ ጫፍ ያለችው ቀን፣ ሰዓትና የላኪ ቁጥር የያዘች ቀጭን መስመር ማስረጃችሁ ናት።