የልጁን ተራ አንንጠቅ፦ ቤት ውስጥ ሳናውቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ጫማዋን ራሷ ለማድረግ ትታገል ነበር። የግራውን በቀኝ እግሯ ታስገባለች፣ ታወጣለች፣ አገላብጣ ታየዋለች፣ እንደገና ትሞክራለች። እኔ ቸኩያለሁ። ቀማኋትና በአንድ አፍታ አደረግኩላት። አውልቃ ወርውራው ለቅሶዋን አቀለጠችው። ያን ቀን ጥጋብ መስሎኝ ተቆጣኋት፤ ለካ ተራዋን ነጥቄያት ኖሯል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚወለዱ ናቸው።

የልጁን መልስ መቅደም

ሕፃን አጉ ሲል፣ ዓይን ዓይናችንን ሲያይ፣ በጣቱ ሲጠቁም እያናገረን ነው። እኛ ስንመልስለት፣ እሱም ደግሞ ሲመልስ፣ አእምሮው የሚገነባው በዚህ ምልልስ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት እድገት ማዕከል እንደሚያስረዳው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አእምሮ በየሴኮንዱ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የነርቭ ግንኙነቶችን ይፈጥራል። ምልልሱ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1970ዎቹ አሳይቷል። እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ ቆይተው ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸውን ጭራሽ እንዳያንቀሳቅሱ አደረገ። ሕፃናቱ መጀመሪያ ፈገግ እያሉ እናታቸውን ለመመለስ ሞከሩ፤ እምቢ ሲላቸው ተነጫነጩ፣ ፊታቸውንም አዞሩ።

እኛ ዝም ባንልም ዕድሉን የምንነፍግበት ሌላ መንገድ አለን። «ይሄ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅና ልጁ አፉን ሳይከፍት «ድመት!» እንላለን። ትንሽ ልጅ ቃሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ጊዜ ይፈጅበታል። ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። «ውው» ብሎ ውሻ ሲያሳያችሁም «እንዲህ አይባልም» ከማለት፣ «አዎ፣ ውሻ ነው፤ ትልቅ ውሻ እየሮጠ ነው» በሉት። ትክክለኛውን ቃል ይሰማል፣ የመናገር ድፍረቱም አይሰበርም። ድምፅን ቀጠን አድርጎ፣ በዝግታና በዜማ ማናገር ይጠቅማል፤ ቃሉን አብሮ ማኮላተፍ ግን ልጁ የሚቀዳውን ያበላሽበታል።

ዝም ለማሰኘት ስልክ መስጠት

ድካሙ ይገባኛል፣ እኔም ሰጥቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ግን ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ስክሪን ፊት መቀመጥን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ባነሰ ቁጥር እንደሚሻል ይናገራል። ቪዲዮ የቱንም ያህል «ትምህርታዊ» ቢባል ልጁ ሲጠቁም አይቶ አይመልስለትም። ማንም ሳያየው ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ቴሌቪዥንም ጉዳት አለው፤ እኛ ራሳችን ከልጁ ጋር የምናወራውን ይቀንሰዋል። ከሁሉ በላይ ግን የራሳችንን ስልክ እንመልከት። ልጁ እጃችንን እየጎተተ እኛ «ቆይ፣ ቆይ» ስንል የትሮኒክን ሙከራ ቤታችን እየደገምነው ነው።

እንዲራመድ ማጣደፍ

ጎማ ያለው የሕፃን መራመጃ ልጅን ቶሎ አያስኬድም። ሚዛን መጠበቅን፣ ወድቆ መነሳትን የሚማረው መሬት ላይ ነው። መራመጃው ከደረጃ ላይ አንከባሎ ስለሚጥል ካናዳ ከ2004 ጀምሮ ሽያጩን ሳይቀር ከልክላለች። ጤነኛ ልጆች ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምሩት ከ8 እስከ 18 ወር ባለው ሰፊ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ የጎረቤት ልጅ ቀደመ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ገና ዳዴ የማይለውን ሕፃን ነቅቶ እያለ፣ እናንተም አጠገቡ ሆናችሁ፣ በሆዱ አስተኝታችሁ አጫውቱት፤ በቀን ውስጥ ተከፋፍሎ በድምሩ 30 ደቂቃ ይሙላ። ለእንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ።

«ጎበዝ» ብቻ ማለት

«ጎበዝ» መጥፎ ቃል አይደለም፤ ምኑ እንደተወደደለት ግን አይነግረውም። «ግንቡ ሦስት ጊዜ ወደቀብህና በአራተኛው አቆምከው» ብትሉት ግን የትኛውን ጥረት እንደሚደግም ያውቃል።

ሁለት ቋንቋ ያዘገየዋል ብሎ አንዱን መተው

አያዘገየውም። ቋንቋዎቹን ቢቀላቅል አትደንግጡ፣ እናንተ በሚቀናችሁ ቋንቋ በብዛት አውሩት።

«አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» ብሎ መጠበቅ

ልጅን ከልጅ ማወዳደር አንድ ስህተት ነው፤ ምልክት አይቶ ማለፍ ደግሞ ከእሱ የባሰ ነው። በ18 ወሩ ያልተራመደ፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት «ውሃ ስጪኝ» የሚል ዓይነት ሁለት ቃል የማያገጣጥም፣ ሲጠሩት ዞር የማይል ልጅ በባለሙያ ይታይ። ንግግር ሲዘገይ ጆሮው መመርመር አለበት፤ በደንብ ያልሰማውን ሊናገር አይችልምና። ይል የነበረውን ቃል ወይም ያደርግ የነበረውን ነገር ከተወ ደግሞ ለሚቀጥለው ወር አታቆዩት፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።