ክሊፍሮዝን ስትለዩ የምትሳሳቱባቸው ነገሮች

በአሜሪካ፣ በዩታና በአሪዞና ግዛቶች በረሃማ ሸለቆዎች ውስጥ፣ ግራንድ ካንየን ገደል አፋፍ ላይ ሳይቀር፣ ክሊፍሮዝ የሚባል አገር በቀል ቁጥቋጦ አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ፑርሺያ ስታንስቡሪያና ነው። ብዙ ሰው ከዘመዶቹ ጋር ያምታታዋል።

ትልቁ ስህተት አበባውን ብቻ አይቶ መፍረድ ነው። ነጣ ወይም ገረጣ ያለ ቢጫ፣ አምስት ቅጠል ያለው አበባ ነው፤ ግን አፓቼ ፕሉም የሚባለው ጎረቤቱ ቁጥቋጦም አምስት ነጫጭ የአበባ ቅጠሎች አሉት፣ ሁለቱም የጽጌረዳ ቤተሰብ ናቸውና መመሳሰላቸው አይገርምም። አበባው እስኪረግፍ ጠብቁ። ከዚያ ላባ የመሰለ ጭራ ያላቸው ዘሮች ይወጣሉ። ከአንድ አበባ የወጡት ብዙውን ጊዜ ከአስር አይበልጡም? ክሊፍሮዝ ነው። መቁጠሩ ከሰለቻችሁና ጭራዎቹ ተሰብስበው ሮዝ ቀለም ያለው ድቡልቡል ነገር ከሠሩ ግን አፓቼ ፕሉም ነው።

ሌላው፣ ቅጠሉን ሳይነኩ ማለፍ። የክሊፍሮዝ ቅጠል ትንሽ ነው፤ እንደ ጣት የተከፋፈለ፣ ጠርዙ ወደ ታች የተጠቀለለ፣ ላዩ ላይ የሙጫ ነጠብጣብ ያለበት። ስታሹት ይሸታል፣ እጅ ላይም ይጣበቃል። አፓቼ ፕሉም እንዲህ አያደርግም። ፎቶ ብቻ የሚያዩ ሰዎች ይህ ያመልጣቸዋል፣ ለዚህም ነው ከስልክ አፕ ይልቅ ጣቴን የማምነው።

በቁመት መለየትም አያዋጣም። አጋዘን የጋጠው ከጉልበት ላያልፍ ይችላል፣ ያረጀው ደግሞ ትንሽ ዛፍ ያክላል።

ቢተርብራሽ የሚባለው ዘመዱ አበባው ቢጫ፣ የቅጠሉ ጫፍ ሦስት ጥርስ ያለው፣ ፍሬውም ላባ ጭራ የሌለው ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ችግሩ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ይዳቀላሉ። የሁለቱንም መልክ የያዘ ተክል ካገኛችሁ በግድ አንዱን ስም አትስጡት፤ «ዲቃላ ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ እለፉ።

ለመለየት ብሎ ቅርንጫፍ መቁረጥስ? በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ክልክል ነው። ከዚያም በላይ በማዕከላዊ አሪዞና፣ በቨርዴ ሸለቆ አካባቢ ጭምር፣ ፑርሺያ ሰብኢንቴግራ የሚባል ብርቅዬ ዝርያ አለ፤ ከ1984 ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡ ዕፅዋት ተርታ ተመዝግቦ በሕግ ይጠበቃል። ቅጠሉ አብዛኛውን ጊዜ አልተከፋፈለም፣ የሙጫ ነጠብጣብም የለውም። እዚያ አካባቢ ከሆናችሁ ቅጠሉን ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ዳብሱት፣ የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ አንሱ።