በጠባብ ግቢ የተተከለ ዛፍ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በአዳማ ጠባብ ግቢዎች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ዛፍ ተክያለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን ሌሎች የተከሉትን ነቅያለሁ። ውኃ ማጠጣቱንና ተባይ መከላከሉን ባለቤቱ ያውቃል ብዬ አልፈዋለሁ፤ የማነሳው ከዛፉ ምርጫና ከቦታው የሚመነጨውን ችግር ብቻ ነው።

ችግኙ ዓመት ሞልቶት ካላደገ፦ አብዛኛውን ጊዜ የተተከለው ከነፕላስቲኩ ነው፤ አለበለዚያም ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ ተጠቅልሎ ከቆየ በኋላ ሳይፈታ ተቀብሯል። በጥንቃቄ አውጥቶ የተጠቀለሉትን ሥሮች መቁረጥ፣ ከዚያም ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጉድጓድ ብስባሽ ጨምሮ መልሶ መትከል ይገባል። ሦስት ዓመት የቆየ ሎሚ ስናወጣ ጥቁሩ ፕላስቲክ እንዳለ አግኝተነዋል፤ የተከለው ሰው የተከፈለው ለጉድጓዱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ፓፓያ አብቦ ካላፈራ፦ አበባዎቹ በረጅም ዘንግ ላይ የተንጠለጠሉ ከሆኑ ዛፉ ወንድ ነው፤ በሌላ ይተካ።

አጥሩ ከተሰነጠቀ፣ ንጣፉ ከተነሳ ወይም ፍሳሹ ከታገደ፦ ከአሥር ጥሪ ሰባቱ ስምንቱ ይህ ነው፤ ጥፋተኛውም ብዙ ጊዜ ፊከስ ነው። ከመቁረጥ በፊት ግን ስንጥቁን ማንበብ ያስፈልጋል። በዛፉ ትይዩ ሆኖ ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ከሆነ ሥሩ መሠረቱን ከሥር ወደ ላይ እየገፋው ነው፤ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ የሚጠብ ከሆነ ግን መሠረቱ እየሰጠመ ስለሆነ መጀመሪያ የአሸንዳው ውኃ የት እንደሚወርድ ይታይ። አሸንዳው ባጠፋው ጥፋት የተቆረጡ ብዙ ዛፎች አይቻለሁ።

ስለ ፍሳሽ ደግሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ ሥር ደኅና ቱቦን ሰብሮ አይገባም፤ ውኃ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ሲያገኝ ግን እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይገባና ውስጡን ይሞላዋል። አንድ ባለቤት ሴፕቲኩ ሞልቷል ብሎ ሦስት ጊዜ አስመጥጧል። ቱቦውን ስንከፍት ያለ ማጣበቂያ እንዲሁ የተሰካ ስስ ፒቪሲ ነበር፤ በውስጡም ክንድ የሚያህል የሥር ጉንጉን ተኝቶበታል። ዛፉን ቆርጦ ያንን ቱቦ እንዳለ መተው ችግሩን ለሚቀጥለው ዛፍ ማቆየት ስለሆነ አስቀድሞ መለወጥ ያለበት ቱቦው ነው።

ሥሩን መቁረጥ ግድ ከሆነ ከግንዱ ውፍረት አምስት እጥፍ ርቀት ውስጥ መጥረቢያ መግባት የለበትም። ግንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ፣ በአንድ ወገን ብቻ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈራል፤ የተቆረጠው ሥር እንዳይመለስ በአጥሩ በኩል ወፍራም ፕላስቲክ ይደረግበታል። አጥሩ ከዚያ ርቀት የቀረበ ከሆነ ሥር መቁረጡ አያዋጣም፤ ዛፉ ራሱ ይነሳ። ይህን ምክር ንቆ ሥሩን ከግንዱ ሥር አስተካክሎ የቆረጠ ሰው ዛፉን ጎረቤቱ ቆርቆሮ ላይ አግኝቶታል፤ በኮረብታው ላይ የንፋስ ተርባይኖች የቆሙባት ከተማ ውስጥ በአንድ ወገን ሥር የተያዘ ዛፍ እንደማይቆም መገመት አይከብድም ነበር። የፊከስ ጉቶም ካልተነቀለ መልሶ ያቆጠቁጣል። በጉቶው ላይ ሲሚንቶ ማፍሰስ መፍትሔ አይደለም፤ ሲሚንቶውንም ያነሳዋል።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ችግኙ ሲገዛ የሚታየው ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ነው፤ «አይተልቅም» የሚለው ሻጭም ዛፉ ሲተልቅ ከዚያ ቦታ የለም። በ200 ካሬ ሜትር ግቢ ፊከስ፣ የድሬዳዋ ዛፍና ጃካራንዳ ቦታ የላቸውም። ማንጎና አቮካዶ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀት ከተገኘላቸውና በየዓመቱ ከተገረዙ ይቻላል፤ የተዳቀለ ችግኝ ቢሆን ይመረጣል። ሎሚ፣ ዘይቱን፣ ሮማንና ጊሽጣ በ2 ሜትር ተኩል ርቀት ይበቃቸዋል፤ እኔ ለጠባብ ግቢ ደጋግሜ የምመርጠው ዘይቱንን ነው።

ዛፉ አድጎ ቤቱ ከሰዓት በኋላ አሁንም ከጋለ፦ የተተከለው በደቡብ በኩል ሊሆን ይችላል። በአዳማ ሙቀቱ በሚበረታበት በሚያዝያ የቀትር ፀሐይ ከራስ በላይ ስለምትሆን በደቡብ ያለ ዛፍ ጥላውን የሚጥለው ከራሱ ሥር ነው፤ ግድግዳውን የምታግለው ወደ ምዕራብ ያዘነበለችው የከሰዓቷ ፀሐይ ናት። ስለዚህ ዛፉ በምዕራብ በኩል፣ ከመስኮቱ 3 ሜትር ያህል ርቆ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በማያልፍበት ቦታ ይተከል። ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ካለ ማንም ሰው መሰላል አቁሞ እንዳይነካው፤ መብራት ኃይል ተጠርቶ መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ብቻ ይቆረጥ።