ጠንካራ ሞላ ከገባበት በኋላ ኢላማ ሚስተው የአየር ጠመንጃ፦ ችግርና መፍትሄ

ሰላም ለሁላችሁም። በቅርቡ ሁለት ልጆች በተለያየ ቀን አንድ አይነት ነገር ጠየቁኝ፣ "የአየር ጠመንጃዬ ላይ ጠንካራ ሞላ አስገባሁበት፣ ፍጥነቱ ጨመረ፣ ግን ድሮ ሚመታውን አሁን አይመታም" ነው ነገሩ። እኔም እዚህ አሜሪካ በዚሁ ጉዳይ አንድ በጋ ሙሉ ተንገላትቻለሁ፣ ስለዚ ምልክቱን ከነምክንያቱና ከነመፍትሄው ልጻፈውና ሌላው ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን ያትርፍ። አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ጉልበት ከጨመራችሁ በኋላ ለመጣ ችግር ሁሉ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የጨመራችሁት ጉልበት ራሱ ነው፣ ስኮፑም (ማነጣጠሪያ መነጽሩ)፣ ፔሌቱም (ትንሿ የአየር ጠመንጃ ጥይት)፣ እጃችሁም ከዛ በኋላ ነው ሚመጡት።

ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ክሮኖግራፍ ማለትም የፔሌቱን ፍጥነት ሚለካ መሳሪያ ግዙ ወይ ተዋሱ። ያለሱ በግምት ነው ምትሰሩት። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ፍጥነቱን በኤፍፒኤስ (ፉት በሰከንድ) ወስዳችሁ በራሱ አባዙት፣ ከዛ በፔሌቱ ክብደት በግሬይን (ትንሽ የክብደት መለኪያ ነው) አባዙት፣ ለ450240 አካፍሉት፣ ሚወጣው ጉልበቱ ነው በፉት ፓውንድ። 8.44 ግሬይን ሚመዝን ፔሌት በ800 ኤፍፒኤስ ማለትም በሰከንድ 244 ሜትር ሲወጣ 12 ይመጣል፣ ያው ፔሌት በ930 ሲወጣ 16 አለፍ ይላል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ።

ምልክት 1፦ ፍጥነት ጨመረ፣ ግሩፑ ተበተነ

ይሄ ዋናው ነው፣ ብዙ ሰው ሚያማርረው በዚህ ነው። ግሩፕ ማለት ተከታትለው የተተኮሱ ፔሌቶች ወረቀቱ ላይ ያረፉበት ቦታ ስፋት ነው። የኔ ጠመንጃ በርሜሉ ታጥፎ ሚቀባበል 4.5 ሚሊሜትር የሞላ ጠመንጃ ነው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ በ870 ይተኩስ ነበር፣ በ25 ሜትር አምስት ፔሌት አንድ ሳንቲም በሚያክል ቦታ ላይ ያሳርፋል። ጠንካራውን ሞላ ካስገባሁበት በኋላ 930 ሰጠኝ፣ ደስ አለኝ፣ ወረቀቱን ሄጄ ሳየው ግን አምስቱ ቀዳዳ በመዳፌ ስሸፍነው አንዱ ከጣቴ ጫፍ ወጥቷል። ስኮፕ ቀየርኩ፣ አምስት አይነት ፔሌት ገዛሁ፣ ትከሻዬን ጠረጠርኩ። አንዱም አይደለም።

ምክንያቱን ለመረዳት ምላጩ ሲሳብ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማየት ነው። የታመቀው ሞላ ይለቀቃል፣ ፒስቶኑ ወደፊት ይወረወራል፣ በዛው ቅጽበት ጠመንጃው ወደኋላ ይገፋል፣ ፒስቶኑ ፊቱ ያለውን አየር አምቆ ሲቆም ደግሞ ጠመንጃው ወደፊት ይወረወራል። ማለትም በአንድ ተኩስ ሁለት ጊዜ ነው ሚራገጠው፣ ይሄ ሁሉ ሚሆነው ደሞ ፔሌቱ ገና ከበርሜሉ ሳይወጣ ነው። ሞላው በጠነከረ ቁጥር ፔሌቱ እስኪወጣ ድረስ በርሜሉ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚ ጉንጫችሁን ወይ ግራ እጃችሁን ትንሽ ለየት አርጋችሁ ካስቀመጣችሁ ፔሌቱ ሌላ ቦታ ይሄዳል። የረጋው ጠመንጃ ይቅር ሚላችሁን ስህተት ይሄኛው ይቅር አይልም።

ሁለተኛው ምክንያት ፔሌቱ ነው። ፔሌት ወገቡ የቀጠነ፣ ኋላው እንደ ቀሚስ የተዘረጋ ነገር ነው፣ ለዝግተኛ ፍጥነት ነው የተሰራው። የድምፅ ፍጥነት በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ 1125 ኤፍፒኤስ መሆኑ ነው፣ ፔሌቱ ግን እዛ ሳይደርስ ከ900 አለፍ ሲል ጀምሮ ዙሪያው ያለው አየር ይረብሸዋል፣ መወላገድ ሊጀምር ይችላል። ሳጥኑ ላይ 1200 ምናምን ተብሎ ሚጻፈው ቁጥር እጅግ ቀላል በሆነ ፔሌት የተለካ ነው፣ በሱ ለመምታት አትሞክሩ።

መፍትሄው፣ መጀመሪያ ሳትፈቱ ፈትኑት። ከበድ ያለ ፔሌት ለምሳሌ 10.34 ግሬይን ያለውን ሞክሩ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ግሩፑ ከተሰበሰበ አንዱ ጥፋተኛ ፍጥነቱ ነበር። ቀጥሎ አያያዛችሁን ቀይሩ፣ ግራ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጠመንጃውን መዳፋችሁ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው፣ አትጨብጡት፣ እንደፈለገ ይራገጥ። አሁንም ካልተስተካከለ ጠንካራው ሞላ ይውጣና የፋብሪካው ወይም ከሱ ለስለስ ያለ ይግባ። ከሞላው ኋላ ማጠናከሪያ ሮንዴላ ተጨምሮ ከሆነ እሱን አውጡት። የሞላው ሁለት ጫፍ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ ሞላው መሪው ዘንግ ላይ ሳይላላ ጠበቅ ብሎ ይግባ፣ በሞሊብዲነም ግራሶ በስሱ ይቀባ። ስትተኩሱ "ዝንንን" ሚል ድምፅ ካለ ሞላው ዘንጉ ላይ ላልቷል ማለት ነው፣ ይሄም በዚሁ ይጠፋል። የኔን እንደዚ አድርጌ ወደ 800 አወረድኩት፣ ግሩፑ ወደ ሳንቲሟ ተመለሰ።

"ጉልበት ካጣሁ ፔሌቱ ቶሎ ይወርድብኛል" ሚል ሰው አለ፣ እስቲ እንቁጠረው። በ25 ሜትር ላይ በ800 እና በ930 መካከል ያለው የመውረድ ልዩነት አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስኮፑን አንዴ ስታስተካክሉት ይሄ ይጠፋል። የተበተነ ግሩፕን ግን የትኛውም ስኮፕ አያስተካክለውም።

ምልክት 2፦ ጭስና የተቃጠለ ዘይት ሽታ፣ ከባድ ፍንዳታ

የናፍጣ ሞተር ሚያውቅ ሰው ይሄን ወዲያው ይገባዋል። አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል፣ በዛ ግለት ናፍጣው ያለ ካንዴላ ይቀጣጠላል። ጠመንጃው ውስጥም ዘይት ወይ ግራሶ ከፒስቶኑ ፊት ከገባ እንደዛው ነው ሚሆነው። ጠመንጃው ተፈቶ ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጭስ ቢታይ አያስደነግጥም፣ ይጠፋል። ካልጠፋና ድምፁ እንደ ጥይት ከሆነ ግን አቁሙ፣ ክሮኖግራፉ ላይ ሚታየው ትልቅ ቁጥርም አያስደስታችሁ፣ ያ የሞላው ጉልበት ሳይሆን የዘይቱ ቃጠሎ ነው። የኔን ስፈታው የፒስቶኑ ጎማ ጠርዙ ጠቁሮ፣ አንድ ጎኑ የጥፍር ቁራጭ በምታክል ልክ ተሸርፎ አገኘሁት፣ ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ደሞ በጣት ሲነካ ሚሰማ ቀጭን ጭረት ነበር።

መፍትሄ፣ ሲሊንደሩን ውስጡን በንጹህ ጨርቅ ደረቅ እስኪል መጥረግ፣ ከፒስቶኑ ጎማ ፊት ምንም አለመቀባት፣ የሞተር ዘይትም ሆነ ዝገት ማላቀቂያ የሚረጭ ነገር በአየር ቀዳዳው በኩል በፍጹም አለማስገባት።

ምልክት 3፦ ሞላው ጠንክሮ ፍጥነቱ አልጨመረም፣ እንዲያውም ቀነሰ

ይሄ ሰው አያምንም ግን ያጋጥማል። አየሩ ወደ በርሜሉ ሚያልፍበት ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ የሆነ ልክ ላይ ሲደርስ ከዛ በላይ አያሳልፍም፣ ትርፉ ጉልበት ወደ ርግጫ ይሄዳል። ፔሌቱ ቀላል ከሆነ ደሞ ቶሎ ይወጣና ፒስቶኑን ሚያቆም የአየር ትራስ አይኖርም፣ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ጎማው ያልቃል። ፔሌት ሳታስገቡ መተኮስም ያው ነው፣ አታድርጉት። እንደዚ ከሆነ ጎማውን እዩት፣ በርሜሉ ሚዘጋበት ጋር ያለችውንም ቀለበት እዩ፣ እዛ ላይ ስስ ወረቀት አስቀምጣችሁ ተኩሱና ወረቀቱ ከዘለለ አየር እየወጣ ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሞላው ከልክ በላይ ነው፣ አውጡት።

ስኮፑ ከቦታው ከተንሸራተተ ወይም ውስጡ ከተሰበረም ምክንያቱ ያው ሁለቱ ርግጫ ነው። ለሞላ ጠመንጃ ተብሎ የተሰራ ስኮፕና ማቆሚያ ፒን ያለው መያዣ ያስፈልጋል፣ ብሎን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም።

ምልክት 4፦ ፒሲፒው አየር ይጨርሳል

የታመቀ አየር ከታንክ ሚጠቀመው ፒሲፒ ርግጫ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚ ሰው ጉልበቱን ሲያከርረው ጉዳቱ ቶሎ አይታየውም። ሚታየው ከአንድ ሙሌት የተኩሱ ቁጥር ሲያንስና ድምፁ ሲጎላ ነው። የአየሩን ቫልቭ መትቶ ሚከፍተው መዶሻ ቫልቩን ከሚገባው በላይ ከፍቶ ያቆየዋል፣ ፔሌቱ ወጥቶ ሄዶ እንኳ አየሩ ይፈሳል። መፍትሄው ደስ ይላል፣ ሬጉሌተር (የአየሩን ግፊት እኩል አድርጎ ሚያቆይ ክፍል) ካለው የመዶሻውን ሞላ ካላላ ቦታ ጀምራችሁ በሩብ ዙር እያጠበቃችሁ በየደረጃው አምስት አምስት ተኩሱና ፍጥነቱን ጻፉ። ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዛ የሆነ ቦታ ላይ መጨመሩን ያቆማል። ከዛ ቁጥር ከ3 እስከ 5 በመቶ ዝቅ በሉ፣ 900 ላይ ከቆመ 855 እስከ 873 ማለት ነው። በኔ ጠመንጃ ከአንድ ሙሌት 40 ገደማ የነበረው ወደ 55 ተኩስ ሄደልኝ።

ጉልበት ጭራሽ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ሩቅ ሚተኩስና ከባድ ፔሌት ሚጠቀም ሰው ለዛ የተሰራ ፒሲፒ ይያዝ። ለወረቀትና ለቆርቆሮ ኢላማ ግን 12 ፉት ፓውንድ ይበቃል። ከ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ጨዋታ ጀምሮ ኦሎምፒክ ውስጥ ባለው የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር አሁን መሃሏ ነጥብ ግማሽ ሚሊሜትር ናት፣ እነሱ ሚተኩሱት በሰከንድ 175 ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው። አውሮፓ ያላችሁ ደሞ ህጉን እዩ፣ ጀርመን ያለ ፈቃድ ሚያዘው እስከ 7.5 ጁል ነው፣ እንግሊዝ ከ12 ፉት ፓውንድ በላይ ጠመንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፣ እዚህ አሜሪካም ኒው ጀርሲ የአየር ጠመንጃን እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ነው ሚቆጥረው። ሞላ ከመቀየራችሁ በፊት ያላችሁበትን አገርና ስቴት አረጋግጡ።

ስትፈቱት ደግሞ የሞላ ማመቂያ መሳሪያ ሳይኖራችሁ የኋላ መዝጊያውን እንዳትነኩ፣ ውስጥ ታምቆ የተቀመጠ ሞላ ፊት ላይ ነው ሚመጣው። ተስተካክሎ ሲያልቅ የፔሌቱን አይነት፣ ክብደቱንና የአስር ተኩስ አማካይ ፍጥነቱን በወረቀት ፕላስተር ጽፋችሁ ሰደፉ ላይ ለጥፉት፣ ከስድስት ወር በኋላ መሳት ሲጀምር መጀመሪያ ምታወዳድሩት ከዛ ቁጥር ጋር ነው።